የኤሌክትሪክ ምሕንድስና ተማሪዎችን መርዳት የነጋዴው ጉዳይ ነው

በአንድ ነጋዴ ጽሕፈት ቤት ውስጥ በጸሐፊነት የሚሠራ ሰው የአሠሪውን ምሥጢር ማውጣት አይገባውም፤ ነገር ግን ከሒሳብ መዝገቡ ያገኘውን ትምህርት ለሌላው ቢያካፍል ነውር አይሆንበትም ብዬ አምናለሁ። ስለዚህ በዛሬው ጽሑፌ የምክር ቤታችንን አባሎች፣ አስመጪዎችን፣ ላኪዎችንና ባለሱቆችን የማሳስባቸው አንድ ጉዳይ አለኝ። ይኸውም በከተማችን በባሕር ዳር ከመጀመሪያ ዲግሪ በላይ የኤሌክትሪክ ምሕንድስና ለሚያጠኑ ወጣቶች የምርምር መርጃ ገንዘብ የሚገኝበትን መንገድ ነጋዴው ራሱ እንዲከፍት ነው። ጉዳዩ ከንግድ የራቀ መስሎ የሚታየው አንባቢ ቢኖር እስከ መጨረሻው እንዲታገሠኝ እለምነዋለሁ።

እኔ ትምህርቴ ከሁለተኛ ደረጃ ያላለፈ፣ ዕድሜዬም አርባን የተሻገረ ሰው ነኝ። ስለ ኤሌክትሪክ የማውቀው በመዝገቤ ላይ የሚያስከትለውን ወጪ ብቻ ነው። በየዓመቱ መጨረሻ ሒሳብ ስንዘጋ «ልዩ ልዩ ወጪ» በምንለው ዓምድ ሥር የሚሰበሰበውን ስመለከት ግን፣ አብዛኛው የሚመጣው ከዚሁ ከኤሌክትሪክ ጉዳይ ሆኖ አገኘዋለሁ። የጄኔሬተር ናፍጣ፣ የተቃጠለ ሞተር ማስጠገኛ፣ በማቀዝቀዣ ውስጥ የተበላሸ ሸቀጥ፣ መብራት ጠፍቶ ሥራ ፈትተው ለዋሉ ሠራተኞች የተከፈለ የቀን ሒሳብ፣ ይህ ሁሉ በአንድነት ሲደመር ትንሽ ገንዘብ አይደለም። እያንዳንዱ አንባቢ የራሱን መዝገብ ገልጦ ቢመለከት ተመሳሳይ ነገር እንደሚያገኝ አልጠራጠርም።

ይህን ጽሑፍ ለመጻፍ ያነሣሣኝ አንድ የቆየ ነገር ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት አሠሪዬ ለእህል ወፍጮው አንድ አዲስ ሞተር ከውጭ አስመጣ። ሞተሩ የታዘዘው በካታሎጉ ላይ በተጻፈው ጉልበት መሠረት ነበር። ሆኖም በአንድ ክረምት ውስጥ ሁለት ጊዜ ተቃጠለ። የሸጠልን ወገን ጥፋቱ የተጠቃሚው ነው አለን፤ የወፍጮው ሠራተኛ ጥፋቱ የሞተሩ ነው አለ፤ እኛም በመካከሉ ሁለት ጊዜ የማስጠገኛ ከፈልን። በዚያን ጊዜ በጎረቤታችን ግቢ ውስጥ ቤት ተከራይቶ የሚኖር፣ የኤሌክትሪክ ምሕንድስና የሁለተኛ ዲግሪ ተማሪ የሆነ አንድ ወጣት ነበረና፣ ሰው አስጠርቶ አመጣው።

ወጣቱ በመጀመሪያ ያደረገው ነገር ሞተሩን መንካት ሳይሆን አብሮት የመጣውን ወረቀት ማንበብ ነበር። ካነበበም በኋላ፣ «ጋሼ፣ ይህ ጉልበት የተጻፈው ከባሕር ወለል በላይ ከ1,000 ሜትር ለማይበልጥ ቦታ ነው። እኛ ግን ያለነው 1,800 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ነው» አለው። አሠሪዬም፣ «ልጄ፣ ከፍታው ከወፍጮ ጋር ምን ያገናኘዋል?» ብሎ ጠየቀው። ልጁ በትሕትና ሲያስረዳ፣ በደጋ ያለው አየር ስስ ስለሆነ ሞተሩን እንደ ቆላው አየር አያቀዘቅዘውም፤ ስለዚህ በካታሎግ የተጻፈውን ጉልበት ሁሉ ሳያርፍ እንዲሰጥ ብናስገድደው ከልኩ በላይ ይግላል አለን።

ሁለተኛም በመለኪያ መሣሪያ የመስመሩን ኃይል ለካ። 380 ቮልት መሆን የሚገባው፣ ሰው ሁሉ ምጣዱን በሚጥድበት በምሽት ሰዓት ከ340 በታች ወርዶ ተገኘ። የመስመሩ ቮልት ሲወርድ ሞተሩ ያንኑ ጭነት ለመሸከም ብዙ ከረንት ይስባል፤ ብዙ ከረንት ሲስብም ሽቦው ይግላል። በሽቦው ላይ ያለው መከላከያ ሽፋን ሙቀቱ በ10 ዲግሪ በጨመረ ቁጥር ዕድሜው በግማሽ ያህል እንደሚያጥር መሐንዲሶች በልማድ የሚሠሩበት ስሌት መሆኑን ያን ቀን ሰማሁ። ወጣቱ የሰጠን ምክር ሦስት ነበር፤ ከፍ ያለ ጉልበት ያለው ሞተር እንድናዝዝ፣ ቮልት ሲወርድ በራሱ የሚያጠፋ መከላከያ እንድናስገባ፣ የምሽቱንም ሥራ ወደ ጧት እንድናዛውር። እንደ ምክሩ አደረግን፤ ከዚያ ወዲህ በሞተር መቃጠል ምክንያት የጻፍሁት አንድም የወጪ ደረሰኝ የለም።

አሠሪዬ ደስ ብሎት ለልጁ ገንዘብ ሊሰጠው እጁን ዘረጋ። እርሱ ግን ገንዘቡን ሳይቀበል ሌላ ነገር ለመነ። የመመረቂያ ጥናቱ በገበያው ሰፈር ያሉት ትራንስፎርመሮች በየሰዓቱ የሚሸከሙትን ጭነት ለብዙ ወራት እየለኩ መመዝገብ ነበርና፣ ለዚህ የሚሆን መዝጋቢ መሣሪያ እንድንገዛና እንድናውሰው ጠየቀን። ሥራው ሲያልቅ ለትምህርት ክፍሉ እንዲሰጥ፣ በእርሱ እጅ እንዳይቀር አሳሰበ። አሠሪዬ ዋጋውን ከጠየቀ በኋላ፣ «ይህስ የመንግሥት ሥራ ነው» አለ። የእምቢታውን ደብዳቤ በመልካም ቃል አሳምሬ የጻፍሁት እኔ ነኝ። ግልባጩ እስከ ዛሬ በመዝገብ ቤታችን ይገኛል።

ወጣቱ ጥናቱን በኮምፒዩተር ስሌት ብቻ ፈጽሞ ተመረቀ፤ ከዚያም ከተማውን ለቅቆ ሄደ፤ ዛሬ ከኤሌክትሪክ ጋር በማይገናኝ ሥራ እንደሚተዳደር ሰምቻለሁ። በሚቀጥለው ዓመት ሊለካቸው ይፈልግ ከነበሩት ትራንስፎርመሮች አንዱ ተቃጥሎ ሰፈራችን 11 ቀን በጨለማ ቆየ። ቢለካ ኖሮ ይድን ነበር ብዬ በእርግጠኝነት ለመናገር አልደፍርም። ነገር ግን የሒሳብ ሰው ነኝና ሁለቱን ቁጥሮች አስተያየኋቸው። ለመሣሪያው የተጠየቅነው ገንዘብ በእነዚያ 11 ቀናት ለናፍጣ ካወጣነው ያነሰ ነበር።

እንግዲህ አንባቢዬ ይህን በልቡ ይዞ የከተማችንን ያለፈ ታሪክ ለአንድ አፍታ ከእኔ ጋር ይመልከት። የባሕር ዳር ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ በ1953 ዓ.ም. ሲቋቋም ገንዘቡ የተገኘው ኢጣልያ ከከፈለችው የጦርነት ካሣ ነው። የፖሊቴክኒክ ኢንስቲትዩቱ በ1955 ዓ.ም. የተቋቋመው በኢትዮጵያና በሶቪየት ኅብረት መካከል በነበረው የትብብር ስምምነት ነው፤ ከመጀመሪያዎቹ የትምህርት ክፍሎችም አንዱ የኤሌክትሪክ ቴክኖሎጂ ነበር። ከከተማው 30 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ የሚገኘው የመጀመሪያው የጢስ ዓባይ ኃይል ማመንጫ በ1956 ዓ.ም. ሥራ ጀመረ፤ ኃይሉም 11 ሜጋዋት ያህል ነበር። ሁለተኛው ጢስ ዓባይ በ1993 ዓ.ም. 73 ሜጋዋት ይዞ ተከተለ። ከጣና ሐይቅ በዋሻ በሚወርደው ውኃ የሚሠራው የጣና በለስ ማመንጫ በግንቦት 2002 ዓ.ም. 460 ሜጋዋት ጨመረ። በመጨረሻም ከዚሁ ሐይቅ ወጥቶ በሚሄደው ወንዝ ላይ የተሠራው ታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብ፣ 5,150 ሜጋዋት የማመንጨት ዐቅም ይዞ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመረቀ።

ይህን ሁሉ የተመለከተ ሰው፣ የባሕር ዳር ባለሱቅ ስለ መብራት የሚያማርርበት ምክንያት ምንድን ነው ብሎ ሊጠይቅ ይችላል። የዓባይን ልጅ ውኃ ጠማው የሚለው ተረት የተነገረው ለእኛ ይመስላል። መልሱ ግን ከባድ አይደለም። በግድቡና በሱቃችን መካከል ረጅም መንገድ አለ። ከማመንጫው የሚወጣው ኃይል በከፍተኛ መስመር ተጉዞ፣ ወደ 33 ሺህና ወደ 15 ሺህ ቮልት ወርዶ፣ በመጨረሻ በሰፈሩ ትራንስፎርመር አማካይነት 380 እና 220 ሆኖ ይደርሰናል። በዚህ መንገድ ላይ የሚበላሸውን ነገር ለይቶ የሚያውቅ፣ የሚለካ፣ የሚያስተካክል የተማረ ሰው ከሌለ፣ የግድቡ ትልቅነት ብቻውን ወፍጮ አያዞርም። ግድብ ለመሥራት ሀገር በሙሉ አዋጥቷል፤ ነጋዴውም ቦንድ ገዝቶ የበኩሉን አድርጓል። አሁን የቀረው የመጨረሻው ኪሎ ሜትር ነው፤ እርሱም ሊቅ ይፈልጋል።

ሊቁ የሚወጣበት ቦታ ደግሞ በእጃችን ነው። ፖሊቴክኒኩ በ1992 ዓ.ም. ከመምህራን ኮሌጁ ጋር ተጣምሮ ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ሆኗል፤ ዛሬም በቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩቱ በኤሌክትሪክ ኃይል፣ በመቆጣጠሪያና በመገናኛ ምሕንድስና ከፍተኛ ትምህርት ይሰጣል። መምህራኑ አሉ፤ ተማሪዎቹ አሉ። የሚጎድለው፣ ተማሪው ሁለት ዓመት ሙሉ ስለ ቤት ኪራይና ስለ ምሳው ሳይጨነቅ፣ መለኪያውን ይዞ በመስመሩ ሥር የሚቆምበት ገንዘብ ነው። ገንዘብ ያጣ ተማሪ ጥናቱን በስሌት ብቻ ይፈጽማል። ስሌት መልካም ነገር ነው፤ ነገር ግን ዕቃውን ሳይቆጥሩ በወረቀት ብቻ የመጋዘን ሒሳብ መዝጋት ምን እንደሚያስከትል ነጋዴ ሁሉ ያውቃል።

ሌላም ልብ ልንለው የሚገባ ነገር አለ። ከተማሪዎቻችን ብልሆች የሆኑት የውጭ ሀገር የትምህርት ዕድል አግኝተው ይሄዳሉ፤ በዚህም ልንደሰት እንጂ ልናዝን አይገባም። ሆኖም የምርምሩን ገንዘብ የሚከፍል ወገን የምርምሩን ጥያቄም በአብዛኛው እርሱ ይመርጣል። የአውሮፓ ገንዘብ ስለ አውሮፓ መስመር ያስጠናል። በ1,800 ሜትር ከፍታ ላይ፣ በጣና ዙሪያ ክረምት መብረቅ በሚበዛበት አገር፣ ምጣድ ሁሉ በአንድ ሰዓት በሚጣድበት ከተማ መስመሩ እንዴት መዘርጋት እንዳለበት ጥያቄው የእኛ ነው። የእኛን ጥያቄ ሌላው በገንዘቡ ይጠይቅልን ብለን ልንጠብቅ አንችልም።

ነጋዴ ሊቃውንትን መርዳት እንደሚችል የሚያሳይ አንድ ምሳሌ ከታሪክ ልጥቀስ። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1851 ዓ.ም. በለንደን ከተማ ታላቅ የኢንዱስትሪ ትርዒት ተደርጎ ነበር። ከስድስት ሚሊዮን በላይ ጊዜ በሰው ተጎበኘ፤ ሒሳቡ ሲዘጋም 186,000 ፓውንድ ያህል ትርፍ ተገኘ። ትርፉን ተከፋፍለው አልበሉትም። መሬት ገዙበት፤ መሬቱም ፍሬ አፈራ፤ ከ1891 ጀምሮ ደግሞ ከዚሁ ሀብት ለሳይንስ ተመራማሪዎች የመርጃ ገንዘብ መስጠት ጀመሩ። በ1895 ከሩቅ ከኒውዚላንድ የመጣ ኤርነስት ራዘርፎርድ የሚባል ወጣት በዚህ ገንዘብ ካምብሪጅ ገባ። በመጀመሪያ የተመረጠው ሌላ ሰው ነበር፤ ያኛው ሳይቀበለው ስለ ቀረ ዕድሉ ለራዘርፎርድ ደረሰው። እርሱም በመጀመሪያ የኤሌክትሪክ ሞገድ የሚይዝ መሣሪያውን ሲያሻሽል ቆይቶ፣ በኋላ የአቶምን ውስጣዊ አሠራር ለዓለም ያስረዳ ሊቅ ሆነ። የአንድ ንግድ ትርዒት ትርፍ ከ170 ዓመት በላይ አልፎ ዛሬም ተመራማሪዎችን ይረዳል። እኛም በየበዓሉ ባዛር እናሰናዳለን፤ ሲያበቃ ድንኳኑ ይነቀላል፤ በሚቀጥለው ዓመት የምናስታውሰው የሙዚቃውን ጩኸት ብቻ ነው።

ይህ የፈረንጅ ልማድ ነው የሚል ቢኖር፣ በጣና ዳር የተወለደ ሰው እንዲህ ማለት አይገባውም እላለሁ። አባቶቻችን የቆሎ ተማሪ በደጃቸው ቆሞ «በእንተ ስማ ለማርያም» ሲል ከቁራሻቸው ከፍለው ይሰጡት ነበር። ቅኔውን ሲጨርስ የት ትሄዳለህ፣ ለእኔስ ምን ታደርግልኛለህ ብለው አልጠየቁትም። ገበሬው ራሱ ፊደል ሳይቆጥር ሊቃውንትን ያፈራው በዚህ አኳኋን ነው። የዛሬው ተማሪ አኮፋዳ አልያዘም፤ ችግሩ ግን ያው ነው።

አሁን ሊነሡ ወደሚችሉት ተቃውሞዎች ልመለስ። አንደኛው፣ መብራት የመንግሥት ሥራ ነው የሚለው ነው። እውነት ነው፤ መስመር መዘርጋትም ሆነ ትራንስፎርመር መቀየር የእኛ ሥልጣን አይደለም። ነገር ግን ዛሬ ቅሬታችንን የምናቀርበው በአፍ ብቻ ነው፤ የሚሰማንም በአፍ ይመልስልናል። በዚህ ሰፈር፣ በዚህ ሰዓት፣ ይህን ያህል ቮልት ጎደለ የሚል የብዙ ወራት መዝገብ ይዘን ብንቀርብ ግን ቅሬታችን ማስረጃ ይሆናል። መስመሩን የሚያስተዳድረው መሥሪያ ቤትም ቢሆን ያለ ዋጋ የተዘጋጀለትን ጥናት የሚጠላ አይመስለኝም።

ሁለተኛው፣ ዘመኑ ለነጋዴ ከባድ ነው የሚለው ነው። ይህንንም አልክድም። በክልላችን ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ በተነሣው ግጭት ንግዳችን ምን ያህል እንደ ተጎዳ ሁላችን እናውቃለን። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ወዲህም የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ስለ ተደረገ የውጭ ዕቃ ሁሉ ዋጋው ወጥቷል። ነገር ግን ሞተር በረከሰበት ዘመን ሞተር ማቃጠል ቀላል ኪሳራ ነበር፤ ሞተር በተወደደበት ዘመን ግን አንድ ሞተር ማዳን የበፊቱን ሁለትና ሦስት ያህል ይቆጠራል። ስለዚህ የዕቃው መወደድ ዕውቀቱን ያስፈልገናል የሚያሰኝ እንጂ ይቅርብን የሚያሰኝ አይደለም።

ሦስተኛው፣ ተማሪው ከተማረ በኋላ ጥሎን ይሄዳል የሚለው ነው። ከእነርሱ አንዳንዶች በእርግጥ ይሄዳሉ። በዱቤ የሰጠነው ዕቃ ሁሉ ተመልሶ አይከፈልም፤ ስለዚህ ብለን ግን ሱቃችንን አንዘጋም። ደግሞም ሰው ቢሄድ መዝገቡ ይቀራል፤ መሣሪያው ይቀራል፤ ከእርሱ ሥር የተማረው ታናሹ ይቀራል። እኔ ከማውቀው ወጣት ግን ከተማችን ያተረፈችው አንድ የደብዳቤ ግልባጭ ብቻ ነው።

እንግዲህ ምክር ቤታችን ሊያደርገው ይችላል ብዬ የማስበው እንዲህ ነው። ከሚያሰናዳው ባዛርና የንግድ ትርዒት የተጣራ ትርፍ የተወሰነውን እጅ በየዓመቱ ለይቶ በተለየ የባንክ ሒሳብ ያስቀምጥ። አባሎችም በፈቃዳቸው ይጨምሩበት። ለምሳሌ 200 ነጋዴዎች እያንዳንዳቸው በወር የአንድ ጀሪካን፣ ማለት የ20 ሊትር ናፍጣ ዋጋ ቢያዋጡ፣ በወር የ4,000 ሊትር፣ በዓመት የ48,000 ሊትር ናፍጣ ዋጋ ይሰበሰባል። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው። በመጀመሪያው ዓመት አንድ ወይም ሁለት ተማሪ ቢረዳ ይበቃል፤ ዋናው ነገር በየወሩ በቀኑ መከፈሉ ነው። የዘገየ ደመወዝ ሠራተኛን እንደሚያሸሽ ሁሉ የዘገየ መርጃም ተማሪን ያሸሻል። መጠኑም ቤተሰብ ያለው ሰው ሊቀበለው የሚችል ይሁን፤ ሴቶች ተማሪዎችም እኩል እንዲደርሳቸው ከመጀመሪያው ይታሰብበት።

ተማሪውን የሚመርጡት መምህራኑ ይሁኑ እንጂ ነጋዴዎች አንሁን፤ አለዚያ ገንዘቡ ለዘመድ ልጅ መጦሪያ ይሆናል። እኛ የምናቀርበው ጥያቄውን ነው፤ የሞተር መቃጠልን፣ የቮልት መውረድን፣ የትራንስፎርመር ጭነትን፣ በሐይቁ ዳር ላለው ዓሣ ማቀዝቀዣ የሚሆን የፀሐይ ኃይልን የመሳሰለ። የሚገዛው መሣሪያ የትምህርት ክፍሉ ንብረት ይሁን። ተማሪውም ጥናቱን ሲጨርስ፣ ማንም ባለሱቅ ሊረዳው በሚችል አማርኛ አሳጥሮ በዚህ ጋዜጣ ያውጣልን። በጥናቱ እኛው ራሳችን ጥፋተኞች ሆነን ብንገኝ፣ ለምሳሌ ከተፈቀደልን በላይ ጭነት የምናስገባ መሆናችን ቢታወቅ፣ ቃሉ ሳይለወጥ ይታተም።

እስከዚያው ድረስ ግን አስመጪ ወንድሞቼና እኅቶቼ አንድ ነገር ያለ ወጪ ሊያደርጉ ይችላሉ። ሞተር፣ ጄኔሬተር ወይም ትራንስፎርመር ሲያዝዙ፣ ዕቃው የሚሠራው በ1,800 ሜትር ከፍታ ላይ መሆኑን በትእዛዙ ደብዳቤ ላይ ይጻፉ። ይህን አንድ መስመር ያስተማረኝ መርጃ የተከለከለው ተማሪ ነው። እኔም ከዚያ ቀን ወዲህ ከጽሕፈት ቤታችን በሚወጣው የዕቃ ትእዛዝ ሁሉ ላይ ሳልጽፈው የቀረሁበት ጊዜ የለም። በሚቀጥለው የአባሎች ስብሰባ ይህ አሳብ በአጀንዳ እንዲያዝ በትሕትና እጠይቃለሁ። ከተያዘም፣ ለአሠሪዬ የመጀመሪያውን የመዋጮ ቃል ኪዳን ደብዳቤ አዘጋጅቼ ለፊርማ የማቀርብለት እኔው ነኝ።

አንድ የነጋዴ ጸሐፊ፣ ባሕር ዳር